በአዲስ አበባ ዳርቻ ስለ አርኪዮሎጂ ሙያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዓለም ገና እስከ ለገጣፎ፣ ከሰበታ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው የከተማችን ዳርቻ ሰው አርኪዮሎጂስት መሆኔን ሲሰማ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች አሉ። ጠያቂዎቹ ዩኒቨርሲቲ ሊገቡ የተዘጋጁ ተማሪዎች፣ ልጃቸው ይህን ሙያ እንዳይመርጥ የሰጉ ወላጆች፣ ቤት የሚያሠሩ ጎረቤቶችና በቁፋሮ ሥራ የተሰማሩ ወጣቶች ናቸው። እኔ የማጠናው ጥንታዊ ከተሞችንና በዙሪያቸው የነበረውን መሬት፣ ውሃና ደን ነው። ከተማው ወደ እርሻው እየሰፋ፣ በየቀኑ አዲስ መሠረት እየተቆፈረ ባለበት በዚህ ጊዜ መልሱ ለሁሉም ቢደርስ ብዬ እዚህ ጽፌዋለሁ።

አርኪዮሎጂስት ወርቅና ውድ ዕቃ ፈላጊ ነው?

አይደለም። በሥራ ዘመናችን አብዛኛውን ጊዜ የምንይዘው የተሰበረ ገል፣ ከሰል፣ የከብት አጥንትና የምድጃ አመድ ነው። እነዚህ ስለ ሰው ኑሮ ከወርቅ የበለጠ ይናገራሉ። ምን ይበሉ ነበር? ምን ያነዱ ነበር? ዕቃቸውን ከየት ያመጡ ነበር? መልሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

የአክሱምን ሳንቲም እንውሰድ። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲም ያስቀርጹ ነበር። ዝናብ ከጣለ በኋላ እርሻ ላይ ብቅ የሚሉ አሉ። አንድ ልጅ አንስቶ ለመንገደኛ ቢሸጠው ሳንቲሙ የሚነግረን የንጉሡን ስም ብቻ ነው። ያው ሳንቲም ከአንድ ቤት ወለል ሥር፣ ከገልና ከከሰል ጋር ሳይነካ ቢገኝ ግን ቤቱ መቼ እንደተሠራ፣ ያ ገል የየትኛው ዘመን እንደሆነ፣ ምናልባትም ባለቤቱ ከማን ጋር ይነግድ እንደነበር ይጠቁማል። ዕቃው የተቀመጠበት ቦታ ከዕቃው አይተናነስም። ይህን ነገር ደጋግሜ የምናገረው ጉዳት የሚደርሰው በአብዛኛው በክፋት ሳይሆን ይህን ባለማወቅ ስለሆነ ነው።

ድንቅነሽን ያገኟት እናንተ ናችሁ?

ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር ሃዳር የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ቅሪተ አካል ናት። የሰውን ዘር አመጣጥ በአጥንት የሚያጠኑት ፓሊዮአንትሮፖሎጂስቶች ይባላሉ። ከኢትዮጵያውያን ብርሃነ አስፋው፣ ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴና ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በዚህ ዘርፍ በዓለም የታወቁ ናቸው። አርኪዮሎጂስት የሚያጠናው ሰው የሠራውን፣ የገነባውን፣ የጣለውንና የለወጠውን ነው። መሣሪያና አጥንት አንድ ላይ በሚገኝበት ቦታ ግን ሁለታችንም ጎን ለጎን እንሠራለን።

አክሱምና ላሊበላ ሩቅ ናቸው። እኛ አጠገብ ምን አለ?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው እዚህ ምንም እንደሌለ እርግጠኛ ሆኖ ነው የሚነሳው።

በቡታጅራ መንገድ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስትርቁ አዋሽን የምትሻገሩበት ቦታ መልካ ቁንጡሬ ነው። ስፍራው እ.ኤ.አ. በ1963 ከታወቀ በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለረጅም ዓመታት አጥንቶታል፤ ከዚያም ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ቀጥለውበታል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው በዚህ ደጋ የጥንት ሰዎች ሁለት ሚሊዮን ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እየተመላለሱ ኖረዋል። እዚያ የ700,000 ዓመት ዕድሜ ያለው የእግር ዱካ ተገኝቷል፤ ከዱካዎቹ መካከል የትናንሽ ልጆች አሉበት። ልጆቹ ከትልልቆቹ ጋር ውሃ ዳር ነበሩ፣ የእሳተ ገሞራ አመድም ዱካቸውን ሸፈነው። ከመልካ ቁንጡሬ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ባለው ባልጪት ደግሞ ጥቁሩ፣ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቀው ባልጩት ድንጋይ በገፍ ይገኛል። መሣሪያቸውን ከእሱ ይጠርቡ ነበር። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

በዚያው መንገድ ወደፊት ብትቀጥሉ ከዐለት የተፈለፈለችውን አዳዲ ማርያምን፣ ከዚያም ጢያን ታገኛላችሁ። ጢያ እ.ኤ.አ. በ1980 የዓለም ቅርስ ሆኗል። በውስጡ ካሉት 36 ትክል ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ሲሆኑ ብዙዎቹ የሰይፍ ምስል አላቸው። ከሥራቸው መቃብር አለ። ከየካ በላይ ባለው ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል አለ፤ ትውፊቱ ወደ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ይወስደዋል፣ ብዙ ተመራማሪዎች ደግሞ ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የባራራ ጉዳይ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በቬኒስ የነበረው መነኩሴ ፍራ ማውሮ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ በኢትዮጵያ መሬት ባራራ የሚባል የንጉሥ ከተማ ተጽፏል። የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻ ታሪክ ጸሐፊም ይህንኑ ስም ያነሳል። ከተማዋ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጦርነቱ ከጠፋች ወዲህ ቦታዋ በእርግጠኝነት አልታወቀም። ሪቻርድ ፓንክረስትና ሃርትዊግ ብሬተርኒትዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት የድሮ ካርታዎችንና የመንገደኞችን መረጃ አገናዝበው ወደዚሁ ወደ አዲስ አበባ ዙሪያ አመልክተዋል። ፍለጋው በእንጦጦ፣ በወጨጫና በየረር ተራሮች መካከል ይንቀሳቀሳል። በእንጦጦ አናት ላይ አምስት ማዕዘን ያለው ትልቅ የድንጋይ ቅጥር ፍርስራሽ መኖሩ ለእንጦጦ ወገን የቆሙትን አበረታቷል። አፄ ምኒልክም እንጦጦን ሲመርጡ የቀደሙ ነገሥታት ከተማ ፍርስራሽ ስለተገኘበት ነው ይባላል።

እኔ በበኩሌ አንዱን ተራራ ለመምረጥ የሚያበቃ ማስረጃ አለ ብዬ አላምንም። በአንድ ግንብ ላይ ተንጠልጥሎ ከተማ ተገኘ ማለት አይቻልም፤ መኖሪያ ቤቶች፣ የገበያ ቦታ፣ መቃብር፣ የቆሻሻ መጣያ፣ ከውጭ የመጣ ዕቃ በብዛት አብሮ መታየት አለበት። የዘመኑ ነገሥታት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በድንኳን ሰፈር ይዘዋወሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የገለጸው ቤተ መንግሥት በሺህ በሚቆጠር ድንኳን የሚጓዝ ነበር። ድንኳን ከድንጋይ ግንብ ያነሰ ምልክት ስለሚተው ጥያቄው ከባድ ነው። ይህን ጥያቄ የሚፈታው በዳርቻው ተወልዶ መሬቱን፣ ጋራውንና የየአካባቢውን ስም የሚያውቅ ወጣት ሊሆን እንደሚችል አምናለሁ። ግን መሬቱ በኮንክሪት ሳይሸፈን መድረስ አለበት።

የተቀበረ ከተማ እንዴት ይገኛል?

በእግር በመሄድ። ቁፋሮ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ተመራማሪዎች በመስመር ተሰልፈው፣ በመካከላቸው እኩል ርቀት ጠብቀው፣ እርሻውንና ጋራውን እየቃኙ ይጓዛሉ። መሬት ላይ የታየ ገል፣ የተጠረበ ድንጋይ፣ የግንብ መስመር ሁሉ በጂፒኤስ ይመዘገባል። የሳተላይት ምስልና ድሮን ብዙ ረድተውናል፤ በደረቅ ወቅት ከላይ ሲታይ የተቀበረ ግንብ ያለበት ቦታ ላይ አዝመራው ቀጭን ሆኖ መስመሩን ያወጣል።

ከመሣሪያው ሁሉ በፊት ግን የአገሩን ሰው መጠየቅ ይቀድማል። በትግራይ ከየሓ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ቤተ ሰማዕቲ ለዚህ ምስክር ነው። ከአካባቢው ኮረብታዎች አንዱ ልዩ ቦታ መሆኑን ነዋሪዎቹ ያውቁ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ከእነሱ ጋር ተነጋግረው ሲቆፍሩ የአክሱም ዘመን ከተማ ወጣ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ሲሆን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ባዚሊካ ቤተ ክርስቲያን፣ የወርቅ ቀለበትና የንግድ ምልክቶች ተገኝተውበት ነበር።

ቦታው ከተለየ በኋላ መሬቱ በሲባጎና በችካል በካሬ ይከፈላል። ከዚያ አፈሩ በብሩሽና በትንሽ መፋቂያ ቀስ በቀስ፣ ድርብ በድርብ ይነሳል፤ የወጣውም አፈር በወንፊት ይነፋል። እንጀራ በሞሰብ ሲደራረብ ከታች ያለው ቀድሞ የተጋገረው እንደሆነ ሁሉ፣ ያልተረበሸ አፈርም ከታች የጥንቱን፣ ከላይ የቅርቡን ይይዛል። ችግሩ አይጥ፣ የዛፍ ሥር፣ የመቃብር ጉድጓድና ማረሻ ድርቡን ያምሱታል። የባለሙያው ችሎታ የሚታየው ያንን መረበሽ በአፈሩ ቀለምና ጥብቀት ለይቶ ማወቁ ላይ ነው።

ቁፋሮ የተወደደ ታሪክን የሚያስተካክልበት ጊዜም አለ። አክሱም ውስጥ ዱንጉር የሚባለው ፍርስራሽ በሕዝቡ ዘንድ የንግሥት ሳባ ቤተ መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፍራንሲስ አንፍሬ ሲቆፍረው ሕንፃው ከንግሥት ሳባ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ፣ በአክሱም መንግሥት የኋለኛ ዘመን የተሠራ የባለጸጋ መኖሪያ ሆኖ ተገኘ። ትውፊቱን መናቅ አይገባም፤ ሕዝቡ ቦታውን ጠብቆ ያቆየው በእሱ ነው። ከድሬዳዋ አቅራቢያ ባለችው ሐርላም እንዲሁ ነዋሪዎቹ ድሮ እዚያ ስለኖሩ ግዙፍ ሰዎች ይተርኩ ነበር፤ ቲሞቲ ኢንሶል የመራው ቁፋሮ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ መስጊድና እስከ ሕንድና ቻይና የሚደርስ የንግድ ግንኙነት አሳየ።

የድሮው አየር ጠባይና ደን እንዴት ይታወቃል?

የአበባ ብናኝ በዓይን የማይታይ ሆኖ ሳለ ሽፋኑ እጅግ ጠንካራ ነው። በሐይቅና በረግረግ ጭቃ ውስጥ አየር ካላገኘው በሺህ የሚቆጠር ዓመት ይቆያል። ጭቃውን በረጅም ቱቦ ስበን እናወጣና በየድርቡ ያለውን ብናኝ በማይክሮስኮፕ እንቆጥራለን። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ሣር፣ እያንዳንዱ የየራሱ መልክ አለው። የወይራና የጽድ ብናኝ ቀንሶ የሣር ሲበዛ፣ ከሰልም አብሮ ሲጨምር ሰው ደኑን እያቃጠለ ማሳ ማስፋቱን እንጠረጥራለን።

የእኛን አካባቢ ደለል የሚያጠና ሰው አንድ ቀላል ምልክት አለው፤ ባሕር ዛፍ። ከአውስትራሊያ መጥቶ አዲስ አበባ ዙሪያ የተተከለው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ስለሆነ ብናኙ የታየበት ድርብ ሁሉ ከዚያ ወዲህ የተከማቸ ነው። ዛሬ እንጦጦን ስናይ ባሕር ዛፉ ከጥንት የነበረ ይመስለናል። ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ደን ለማየት የፈለገ ወደ ሱባ መናገሻ ደን ሄዶ ጽዱን ይመልከት።

ብናኝ ብቻውን አይበቃም። ከምድጃ የወጣ አመድ በውሃ ሲታጠብ የተቃጠለ ፍሬ ይንሳፈፋል፤ በዚህ ዘዴ የአክሱም ሰዎች ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ይመገቡ እንደነበር ተረጋግጧል። የከብት ጥርስ ውስጥ ያለው ካርቦን እንስሳው ሣር ይግጥ እንደነበር ወይም ቅጠል ይቀነጥብ እንደነበር ይናገራል። በባሌ ተራሮች በፊንጫ ሐበራ ዋሻ የተሠራው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው፣ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ይመላለሱ እንደነበር አሳይቷል። በቅርብ የበረዶ ግግር ነበረ፣ ምግባቸው ደግሞ በአብዛኛው ግዙፉ የባሌ ፍልፈል ነበር።

ወጣቶች እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ። የአክሱም መንግሥት ለምን ደከመ ሲባል ካርል ቡትዘር እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጥናት ከሌሎች ምክንያቶች ጋር የደን መመንጠርንና የአፈር መሸርሸርን አንስቷል። ሐሳቡ ለብዙ ዓመታት በየመጽሐፉ ተጠቀሰ። በኋላ የአክሱም ዙሪያ አፈር በዝርዝር ሲጠና ግን መሬቱ በዚያ ዘመን ከተገመተው ይበልጥ የተረጋጋና በደንብ የተያዘ ሆኖ ታየ። እንግዲህ ገበሬው መሬቱን አጠፋ የሚለው ፍርድ ተቻኩሎ የተሰጠ ይመስለኛል። የቀይ ባሕር ንግድ መለወጥም መታሰብ አለበት። ክርክሩ አልተዘጋም፤ ለአዲስ ተማሪ ሰፊ በር ነው።

ዕድሜውን እንዴት ታውቃላችሁ?

ከሰል፣ ዘርና አጥንት ከሆነ በካርቦን 14። ሕይወት ያለው ነገር ከሞተ በኋላ በውስጡ ያለው ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ የቀረውን በመለካት ወደ 50,000 ዓመት ገደማ ድረስ ይሠራል። ለመልካ ቁንጡሬ ዓይነት እጅግ ጥንታዊ ቦታ ግን አይሆንም፤ እዚያ የምንለካው ከመሣሪያው በላይና በታች ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ፣ በውስጡ በጊዜ ብዛት የሚጠራቀመውን አርጎን የሚባል ጋዝ በሚመዝን ዘዴ ነው።

ምን ልማር? የትስ?

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በአክሱም ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂና የቅርስ አስተዳደር ይሰጣል። ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ጂኦሎጂ ወይም የዕፅዋት ሳይንስ ተምሮም በማስተርስ መግባት ይቻላል። እንዲያውም የጥንት አካባቢን ማጥናት የሚፈልግ ሰው ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ቢይዝ እመርጣለሁ፤ እኛ ጋ የሚጎድለው የላቦራቶሪ ሰው ነው። ግእዝ ለመካከለኛው ዘመን፣ አረብኛ ለምሥራቁ፣ አፋን ኦሮሞ ለዚህ ለከተማችን ዙሪያ ያስፈልጋል። የጋራውንና የወንዙን ስም ሽማግሌዎች በነገሩህ ቋንቋ ካልተረዳኸው ዳሰሳው ጎዶሎ ነው።

እስከዚያው አምስት ኪሎ አጠገብ ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም፣ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ከተቻለም መልካ ቁንጡሬን እዩ። ካርታ ማንበብና በእጅ መሣል ተለማመዱ።

ኑሮው ምን ይመስላል? ሥራስ ይገኛል?

በደጋው ቁፋሮ የሚካሄደው ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲጠነክር ነው። ጥቂት ሳምንት ተቆፍሮ ወራት ያህል ገል በማጠብ፣ ቁጥር በመጻፍ፣ በመመዘን፣ በመሣልና ሪፖርት በመጻፍ ያልፋል። ይህን ክፍል ያልወደደ ሰው ሙያው ይከብደዋል። ሴት ልጅ ትችላለች ወይ የሚሉኝ ወላጆች አሉ፤ ትችላለች፤ በመስክም በላቦራቶሪም ቡድን የሚመሩ ሴቶች አሉ። የመልካ ቁንጡሬን ጥናት ለዓመታት የመራችው ማርጌሪታ ሙሲ ናት።

ሥራው በኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ በሙዚየሞች፣ በክልልና በወረዳ የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች፣ በዩኒቨርሲቲዎች ነው። ቦታው ጥቂት ነው፤ ይህን ለወላጅ ደብቄ አላውቅም። ሀብታም ለመሆን አይመረጥም። ሆኖም መንገድ፣ ግድብና የኢንዱስትሪ ፓርክ ከመሠራቱ በፊት ቦታውን የሚያይ ባለሙያ በየወረዳው ሊኖር ይገባል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። የከተማ ዳርቻ ወረዳዎች በተለይ።

እኔ ራሴ መቆፈር እችላለሁ? ያገኘሁትን ባልጩትስ ቤት ላስቀምጥ?

ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለቁፋሮ ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በቁፋሮ የሚወጣም ቅርስ የመንግሥት ነው። መሬት ላይ ያያችሁትን የተጠረበ ባልጩት ባለበት ተዉት፣ ፎቶ አንሱት፣ ቦታውን በስልካችሁ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። ለባለሙያ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም።

ለቤት መሠረት ስናስቆፍር የድሮ ዕቃ፣ አጥንት ወይም ግንብ ብንደርስበትስ? ግንባታው ይቆምብናል?

ፍርሃቱ ይገባኛል። ሲሚንቶ ገብቶ፣ ሠራተኛ ተቀጥሮ፣ ብድር ተይዞ ሥራ ማቆም ቀላል አይደለም። ብዙ ነገር በዝምታ ተመልሶ የሚቀበረው፣ ወይም ከአፈሩ ጋር በገልባጭ መኪና ተጭኖ የሚሄደው በዚህ ፍርሃት ነው። አዋጁ በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ሳይነካ እንዲጠብቀው ያዛል፤ ላስረከበ ሰውም ተገቢ ሽልማት እንዲሰጥ ይላል።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። ኤክስካቫተሩን ከዚያ ጥግ አርቁት፤ ሥራው በሌላው በኩል ሊቀጥል ይችል እንደሆነ ባለሙያውን ጠይቁ። ዕቃውን አታውጡት፣ አትጠቡት፣ የተሰበረውንም በሙጫ አታጣብቁት። አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጣችሁ ከቅርብም ከሩቅም ፎቶ አንሱ፣ የጉድጓዱን ጥልቀት በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። የሰው አጥንት ከሆነ መጀመሪያ ለፖሊስ አሳውቁ። ሌላ ከሆነ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም በቀጥታ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ተናገሩ፤ በቃል ካላችሁ በኋላ በጽሑፍም አስገቡና ቅጂውን ያዙ። ዝናብ የሚያሰጋ ከሆነ ላዩን በሸራ ሸፍኑት፣ ዳሩንም በአፈር ያዙት። ለጥበቃውም ባለሙያ እስኪመጣ ማንም ወደዚያ ጉድጓድ እንዳይወርድ ንገሩት።